ብርበራ፣ ፍተሻ፣ ምርመራ፦ በሕግ ቋንቋችን ውስጥ ስላለ የስያሜ መደበላለቅ

በወንጀል ችሎት ከሚነሡት ክርክሮች መካከል ከቋንቋ ጥናት ጋር የጠበቀ ዝምድና ያለው አንዱ፣ ፖሊስ ያደረገው ብርበራ በሕግ አግባብ የተደረገ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ዳኛው ብርበራው ሲደረግ በስፍራው አልነበረም። የተከፈተውን ሣጥን፣ የተገለበጠውን ፍራሽ፣ በበሩ መቃን ተደግፎ የቆመውን ባለቤት የሚያየው በወረቀት ላይ በሰፈሩ ጥቂት ግሦች አማካይነት ነው፤ እነዚህም «በረበረ»፣ «ፈተሸ»፣ «መረመረ»፣ «ያዘ»፣ «ተገኘ» የሚሉት ናቸው። በግሦቹ መደበላለቅ የሚጐዳው የቋንቋው ጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን ለሰዋስው መምህራን ትተን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ከነዚህ ቃላት አንዱ የዳኛ ማዘዣ የሚያሻውን ድርጊት፣ ሌላው ማዘዣ የማያሻውን ድርጊት የሚያመለክት ስለሆነ፣ አንዱ በሌላው ቦታ በገባ ቁጥር የአንድ ሰው ነፃነት ወዲያ ወይም ወዲህ ሊያዘነብል ይችላል።

ችግሩ በመላው አገር ያለ ቢሆንም ጐልቶ የሚታየው በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ሸገር በተባለው አዲስ ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በአስተዳደር የኦሮሚያ ክልል አካል በመሆናቸው ፖሊሱም ፍርድ ቤቱም የሚሠራው በኦሮምኛ፣ ያውም በቁቤ ጽሕፈት ነው። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ያሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ግን በአማርኛ ይሠራሉ። በአንደኛው ቋንቋ የተጻፈ ማዘዣ በሌላው ቋንቋ በሚኖር ቤተሰብ በር ላይ ይነበባል፤ በአንደኛው የተጻፈ የብርበራ መዝገብ በሌላው ለሚያስችል ዳኛ ተተርጉሞ ይቀርባል። በሁለቱ መካከል የቆመው ተርጓሚ በእጁ የያዘው የታወቀ የስያሜ ዝርዝር የለውም። ይህን ሒስ ለመጻፍ ያነሣሣን ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ቃላቱ ታሪክ ስንገባ የምናገኘው የመጀመሪያ ነገር፣ ስለ ቤት መከበር የተጻፉት ድንጋጌዎቻችን ከውጭ አብነት የተወሰዱ መሆናቸው ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ከጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ የቀዳ ሲሆን፣ በሕግ ከተፈቀደው በቀር የሰው ቤት እንዳይበረበር ደንግጎ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከሕግ ውጭ የሚደረግን ብርበራና መያዝ ከለከለ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በመጨረሻ መልኩ የእንግሊዛዊው የሰር ቻርልስ ማቲው እጅ ያረፈበትና በማላያ የሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ከ60 ዓመት በላይ ፍርድ ቤቶቻችንን የመሩት ቁጥር 32 እና ቁጥር 33 የእንግሊዝን የሕግ አስተሳሰብ በአማርኛ ልብስ ያቀረቡ ናቸው። ልብሱ የት ላይ እንደሚሰፋና የት ላይ እንደሚጠብብ መመርመር የእኛ የቋንቋ ሰዎች ፈንታ ነው።

የሕጉ ፍሬ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። ፖሊስ የተያዘን ሰው አካል የሚፈትሸው ለማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ ይዟል ብሎ በአግባቡ ሲጠረጥር ነው፤ ፈታሹም እንደ ተፈታሹ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት መሆን አለበት። ቤትና ግቢ ግን ከፍርድ ቤት በወጣ ማዘዣ ካልሆነ አይበረበርም። ከዚህ የሚወጡት ሁለት ሁኔታዎች ናቸው። አንደኛው፣ ወንጀለኛው እግር በእግር እየተከተሉት ወደ ቤት የገባ ወይም የወንጀሉን ፍሬ በዚያ የጣለ እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ ሳለ፣ ማስረጃ የሚሆነው ዕቃ በአንድ ስፍራ መደበቁ ሲጠቆምና ማዘዣ እስኪወጣ ቢጠበቅ ዕቃው ይሸሻል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን ነው። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መናገር አለበት፤ ከተጠቀሰው ዕቃ ውጭ መያዝ አይቻልም፤ የተያዘው ዕቃ በዝርዝር ይጻፋል፤ የሚቻል ሲሆን ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ይፈርማል፤ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀርም ብርበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይደረጋል።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። የእንግሊዝኛው ቅጂ የሚለው ስድስት ሰዓት ነው። በአማርኛ 12 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ አለ ብለን አንጠረጥርም፤ ሆኖም ሰነድ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በተዘዋወረ ቁጥር የሰዓት አቈጣጠሩ አብሮ መዞሩን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል። «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» የተደረገ ብርበራ ያለ ልዩ ትእዛዝ ሕገ ወጥ ነው፤ «ከጠዋቱ 11 ሰዓት» ተብሎ በውጭ አቈጣጠር የተጻፈው ግን ሕጋዊ ነው። ልዩነቱ አንዲት ቅጽል ናት።

አሁን ወደ «ብርበራ» እንመለስ። በግእዝ በርበረ ማለት ዘረፈ፣ በዘበዘ ማለት ነው፤ በርባሪ ቀማኛ ነው። በአማርኛም ቢሆን ቃሉ የዋህ አይደለም። እናት ልጇ የምግብ ሣጥኗን ሲያተራምስባት «ምን ትበረብራለህ?» ትላለች እንጂ «ምን ትፈትሻለህ?» አትልም። በውስጡ መገልበጥ፣ ማመሰቃቀል፣ ያለ ሥርዓት መጐርጐር አለበት። ሕግ አውጪዎቻችን በዳኛ ማዘዣ፣ በዝርዝርና በታዛቢ ፊርማ የሚፈጸመውን ድርጊት በዚህ ቃል መሰየማቸው መጀመሪያ ሲታይ እንግዳ ይመስላል። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን ምክንያት አድርገው ቃሉ በ«ፍተሻ» እንዲተካ ሲያሳስቡ ሰምተናል። እኛ በዚህ አንስማማም። ቃል ከመነሻው ርቆ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ከዚያም በላይ የሰው ቤት መግባት፣ ሣጥኑን መክፈት፣ የሚስቱንና የልጆቹን ልብስ ማገላበጥ፣ ዳኛ ቢያዝዘውም እንኳ የከበደ ነገር ነው። ስሙ ያን ክብደት ቢያስታውስ ምን ይጐዳል? የለሰለሰ ቃል ለከበደ ድርጊት በሰጠን ቁጥር ድርጊቱ ራሱ የለሰለሰ ይመስለናል።

ለዚህም ምስክር የሚሆነን «አሰሳ» ነው። ቃሉ ከአዳኝና ከወታደር አፍ የመጣ ሲሆን ዱርና ገደሉን እያሰሱ መሄድን ያመለክታል። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት በተካሄደው ዘመቻ ጊዜ ግን የከተማ ቃል ሆነ። ዘመኑን ያዩ ሰዎች ዛሬም «አሰሳ» ሲሉ የሚሰማቸው ሌላ ነው፤ ማዘዣ የለም፣ የተለየ ዕቃ የለም፣ የተለየ ቤት የለም። የሕግ ቃል እንዳይሆን የሚከለክለውም ይኸው ነው። «ፍለጋ» ደግሞ አይረባም፤ መፈለግ መሻትም መመኘትም ስለሆነ የድርጊቱን አካል አያሳይም። ወደ ኋላ ብንሄድ፣ መጠጥ ጠጥቶ የሚነዳ ልጅ የሰው ቤት ገብቶ ሌባ የሚያመለክትበት «ሌባ ሻይ» የሚባል ልማድ ነበረን። ያ ያለ ማዘዣ የሚደረግ ብርበራ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከርሱ የቀረልን የሕግ ቃል የለም።

«ፍተሻ» ከዐረብኛው ፈተሸ ጋር የሚዛመድ ሲሆን በዛሬ አማርኛ ከሁሉ ይልቅ የሚነገረው ስለ ሰው አካል፣ ስለ ሻንጣና ስለ መኪና ነው። በስታዲየም መግቢያ፣ በባንክ በር፣ በከተማ መውጫ ኬላ ላይ የሚደረገው ፍተሻ ነው። የተፈተሸ ሰው ቆሞ ነው፤ የተበረበረ ሰው ቤቱ ተገልብጦ ነው። ይህ የሕዝብ አነጋገር ልዩነት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ በአካልና በቤት መካከል ካለው ልዩነት ጋር ፍጹም ባይባልም በጣም ተቀራርቦ ይገኛል። ቋንቋው ያዘጋጀልንን ሚዛን ትተን ሌላ መሥራት አያስፈልገንም ነበር። ይሁን እንጂ በፖሊስ ሪፖርት ውስጥ «በቤቱ ላይ ፍተሻ ተደርጎ» የሚለው «ብርበራ ተደርጎ» ከሚለው ጋር እየተለዋወጠ ይጻፋል፤ ጸሐፊው የስልት ልዩነት እንጂ የሕግ ልዩነት ያመጣ አይመስለውም።

ከዚህ የባሰ ውስብስብ የሆነው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ነው። እንግሊዝኛው ስለ ቤት፣ ስለ ሰውነትና ስለ ንብረት «ሰርች» ይላል፤ አማርኛው ግን «ከመመርመር» ብሎ ነው የተረጐመው። ከ1954ቱ ሕግ ጋር የተዋወቀ አንባቢ መጀመሪያ የሚለው «ለምን መበርበር አልተባለም?» ነው። ምርመራ ሰፊ ቃል ነው፤ መርማሪ ፖሊስ፣ የምርመራ መዝገብ፣ የደም ምርመራ፣ የጤና ምርመራ ሁሉ በርሱ ሥር ናቸው። እንዲህ ከሆነ ቃሉ ከመስፋቱ የተነሣ ፍቺው ሳስቷል ለማለት ያስደፍራል፤ ብዙ የሕግ መምህራንም ይህን እንደ ትርጉም ጉድለት ይቈጥሩታል።

ነገር ግን ቸኩሎ ከመፍረድ በፊት አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በ1954ቱ ሕግ ቁጥር 34 መርማሪ ፖሊስ የተከሳሹን ሰውነት በሐኪም ሊያስመረምር፣ የደም ምርመራም ሊያስደርግ ይችላል። በእንግሊዝኛው አንቀጽ 26 ይህ «ሰርች» መሆን አለመሆኑ ረጅም ክርክር ይጠይቃል። በአማርኛው ግን ክርክር የለም፤ ሰውነት ከመመርመር የተጠበቀ ነው ሲል የደም ምርመራም በቃሉ ቀጥተኛ ፍቺ ውስጥ ይገባል። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው የሕግ እውቅና ያለው ቅጂ ደግሞ አማርኛው ነው። ስለዚህ «ጉድለት» የተባለው ቃል ለዜጋው ከእንግሊዝኛው የሰፋ ጥበቃ ሰጥቶታል። ተርጓሚው አስቦበት ይሁን ሳያስብ ይሁን ለእኛ ለውጥ የለውም፤ የተጻፈው ተጽፏል። በመሆኑም የምንለው፣ «ምርመራ» የወል ስም ሆኖ ይቆይ፤ «ብርበራ»፣ «ፍተሻ» እና «የሰውነት ምርመራ» በሥሩ ያሉ ዝርያዎች ተብለው ይተርጐሙ ነው። ሕገ መንግሥቱን ለማረም የሚፈልግ የመዝገበ ቃላት ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያስወግድ ይመልከት።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ሌላ አስቂኝም አሳሳቢም ነገር አለ። ሰው በግል ይዞታው ያለ ንብረቱ ከመያዝ የተጠበቀ ነው ይላል። ይዞታም መያዝም ከአንድ «ያዘ» የተገኙ ናቸው። ይህ ግሥ በሕግ አማርኛ ከአቅሙ በላይ የሚሠራ ነው፤ ሰውን ማሰርም፣ ዕቃን በሕግ መውሰድም፣ ዕቃን በእጅ ማድረግም፣ መሬትን በባለቤትነት መጠቀምም በርሱ ይነገራል። «ተከሳሹ ሽጉጥ ይዞ ተያዘ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለአንድ የውጭ ሰው ለመተርጐም የሞከረ ያውቀዋል። «ሽጉጡ ተያዘ» ሲባልስ? ከተከሳሹ ወገብ ነው? ከቤቱ ጣራ ሥር ነው? ወይስ ጐረቤቱ አምጥቶ ያስረከበው ነው? ለ1954ቱ ሕግ ይህ ልዩነት ሁሉም ነገር ነው፤ የመጀመሪያው የአካል ፍተሻ፣ ሁለተኛው የቤት ብርበራ፣ ሦስተኛው ከሁለቱም ያልሆነ ነው። የኦሮምኛው «ቀቡ»ም እንዲሁ ማግኘትን፣ መያዝንና ማሰርን አንድ ላይ ስለሚጠቀልል፣ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚመላለሰው ተርጓሚ ከአንደኛው ጉድጓድ ወጥቶ በሌላው ይወድቃል። ለዕቃ «በኤግዚቢትነት መያዝ» የሚለው የችሎት አነጋገር በባዕድ ቃል ታግዞም ቢሆን ጥሩ መለያ ነው፤ ንጹሕ አማርኛ አይደለም ብለን ልንጥለው አይገባም።

ከሁሉ የከፋው ግን «ፈቃድ» ነው። ዳኛ የሚሰጠው ወረቀት በአንዱ መዝገብ «የብርበራ ትእዛዝ»፣ በሌላው «የብርበራ ማዘዣ»፣ በሦስተኛው «የብርበራ ፈቃድ» እየተባለ ይጠራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መለዋወጣቸው ያን ያህል አይጐዳም፤ ቢሆንም ትእዛዝ ለዳኛው ውሳኔ፣ ማዘዣ ለወረቀቱ ቢለዩ ይሻላል። ሦስተኛው ግን በቀጥታ ጥፋት ያመጣል። ፈቃድ በአማርኛ መንግሥት የሚሰጠውም ነው፤ ሰው በገዛ ልቡ የሚሰጠውም ነው። በመዝገብ ላይ «ቤቱ በፈቃድ ተበርብሯል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ዳኛው ማዘዣ እንደ ነበረ ሊረዳው ይችላል፤ ጠበቃው ባለቤቱ ወዶ እንዳስገባ ሊረዳው ይችላል፤ ዐቃቤ ሕጉ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሁለቱም ሊወስደው ይችላል። ባለቤቱ ወዶ አስገባ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፦ አራት መሣሪያ የያዙ ሰዎች በር ላይ ቆመው «እንግባ?» ሲሉ «ግቡ» ማለት መፍቀድ ነው?

ይህ በሌላ አገር ያለ ተርጓሚንም የሚያስጨንቅ ነው። በዋሽንግተን ከተማ አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚተረጐምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ሹፌር መኪናውን እንዲፈትሹ መስማማት አለመስማማቱ ትልቅ ነገር ነው። «መኪናህን ልፈትሽ?» ብሎ የተረጐመ ሰው ጥያቄ ያቀረበ ይመስለዋል፤ ሰሚው ግን «ልፈትሽ»ን ከፖሊስ አፍ ሲሰማው ከትእዛዝ አይለየውም። «እንድፈትሽ ትፈቅዳለህ? እንቢ ማለት ትችላለህ» ቢባል ነበር ትርጉሙ የሚሞላው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በ2012 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652፣ በፌዴራል ፖሊስ የበላይ ኃላፊ ፈቃድ ብቻ መንገደኛና ተሽከርካሪ አስቁሞ ድንገተኛ ፍተሻ ለማድረግ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። እንግዲህ የሚፈቅዱት ሦስት ሆኑ ማለት ነው፤ ባለቤቱ፣ ዳኛውና የፖሊሱ አለቃ። ለሦስቱ አንድ ቃል መስጠት የዳኛውን ከሌሎቹ እኩል ማድረግ ነው። ስለዚህ «ፈቃድ» ለባለቤቱ ብቻ ይቅር፤ የዳኛው «ማዘዣ» ይባል የሚለውን አሳብ ያለ ማወላወል እናቀርባለን።

ስለ ጥርጣሬ ደረጃዎች የምንለው ጥቂት ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ በአግባቡ መጠርጠርን፣ ለመጠርጠር የሚያበቃ ምክንያትንና ለማመን የሚያበቃ ምክንያትን ለያይቶ ያስቀምጣል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» በሚል ሕዝብ መካከል ግን ጥርጣሬ ጥበብ እንጂ ማስረጃ የሚጠይቅ ነገር ተደርጎ አይታይም። «እምነት»ም ቢሆን በችሎት «የእምነት ቃል» ተብሎ የተከሳሽ ቃል ሆኗል። «አሳማኝ ምክንያት» የሚለው አነጋገር የተሻለ ይመስለናል፤ ምክንያቱ ማሳመን ያለበት ሌላውን፣ ማለትም ዳኛውን እንጂ ጠርጣሪውን ራሱን አለመሆኑን ያሳያልና።

አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞች እንውረድ። በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚጻፍ መዝገብ ብርበራን «ሰከተኢንሰ» ይለዋል። ይህ የኦሮምኛ ቃል ለቤትም ለአካልም የሚያገለግል ሲሆን፣ ልዩነቱ የሚታወቀው «ሰከተኢንሰ መና» ወይም «ሰከተኢንሰ ቃማ» ተብሎ ቤት ወይም አካል ሲጨመርበት ነው። ምርመራ በጠቅላላው «ቆረኖ» ነው። ጸሐፊው ተከታዩን ስም ትቶ «ሰከተኢንሰ» ብቻ ካለ፣ የአማርኛው ተርጓሚ ብርበራ ወይም ፍተሻ ብሎ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ለማሳያ እንዲሆን እኛው የቀረጽነውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት፦ «በተጠርጣሪው ላይ በተደረገ ፍተሻ አንድ ሽጉጥ ተይዟል።» በኦሮምኛው መዝገብ ከፍ ብሎ ሰውዬው በቤቱ ተኝቶ እንደ ነበረ የተጻፈ ቢሆን እንኳ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ብቻውን ያነበበ ዳኛ ጉዳዩን በአካል ፍተሻ ይመዝነዋል፤ ማዘዣ የት አለ ብሎም አይጠይቅም። ተርጓሚው አልዋሸም። ከሁለት አንዱን መረጠ እንጂ።

ይህ ተራ ግምት እንዳይመስል የፍርድ ሥልጣኑን አደረጃጀት ማስታወስ ይበቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ከራሳቸው ሥልጣን በተጨማሪ የፌዴራል የከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ይዘው ይሠራሉ፤ የብርበራ ማዘዣ ደግሞ በ1954ቱ ሕግ ማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል። ጠዋት አዲስ አበባ ሠርቶ ማታ ሰበታ ለሚያድር ሰው ሁለቱም በሮቹ ናቸው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዝዛል፤ አንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጠዋል። ቤቱ ለሚበረበር፣ ገና ላልተያዘና ላልተከሰሰ ሰው ግን ማዘዣው በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት የሚል ቃል በአንቀጽ 26 የለም። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ተከራይ በኦሮምኛ የተጻፈ፣ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቁ እማማ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ሲያዩ የሚያነቡት ማኅተሙን ነው። ማኅተም ደግሞ የሚበረበረው ዕቃ ምን እንደሆነ አይናገርም።

የነዚህ ከተሞች አሰፋፈርም የራሱን የስያሜ ጥያቄ ያመጣል። እንግሊዝኛው «ፕሬሚሲስ» የሚለውን ቤት እንበለው ወይስ ግቢ? በአንድ ግቢ ውስጥ ባለቤቱ፣ በሰርቪስ ቤቶቹ ውስጥ አራትና አምስት ተከራዮች ሲኖሩ፣ «የአቶ እገሌ ግቢ ይበርበር» የሚል ማዘዣ የተከራዮቹን ክፍሎች ይጨምራል? በአማርኛ ግቢ አንድ፣ ቤት ግን ብዙ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ያስከበረውም መኖሪያ ቤትን ነው። ስለዚህ «ግቢ» ብሎ የጻፈ ዳኛ ከሚያስበው በላይ በር ከፍቷል። በሌሊት ተሠርተው «ጨረቃ ቤት» የሚባሉትስ? ካርታም የቤት ቍጥርም የሌላቸው ስለሆነ በማዘዣ ለይቶ መጥራት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ «መኖሪያ» የሚለው ቃል የሚጠይቀው ሰው መኖሩን ነው፤ ካርታ መኖሩን አይደለም። በዚህ ረገድ የሕገ መንግሥቱ ቃል የተመረጠ ነው።

የብርበራ መዝገብን ሰዋስው በተመለከተ አንድ የተለየ ነቀፋ አለን። አማርኛ አድራጊውን የሚደብቅ የተደራጊ ግሥ ሞልቶታል፤ የፖሊስ ጽሕፈት ቤትም በርሱ ይኖራል። «ብርበራ ተደርጎ»፣ «ተገኝቶ»፣ «ተይዞ»፣ «ተፈርሞ» እየተባለ አራት ድርጊት ያለ አንድ አድራጊ ያልፋል። ማን በረበረ? ማን ነው ዕቃውን ያገኘው? ማን እያየ? ዳኛው ስለ ሕጋዊነቱ ሊወስን የሚችለው የነዚህን መልስ ሲያገኝ ነው። መዝገቡ የተጻፈበት ሰዋስው ግን ጥያቄዎቹ እንዳይነሡ አድርጎ አልስልሶአቸዋል። ለመርማሪዎች ሥልጠና የሚያዘጋጁ ሁሉ ከሕግ ትምህርቱ ጋር «በአድራጊ ግሥ ጻፉ» የሚል አንድ ትእዛዝ ቢጨምሩ ከብዙ ሰዓት የምስክር መስማት ይድኑ ነበር።

ገለልተኛው ፈራሚ በችሎት አነጋገር «የደረጃ ምስክር» ይባላል። ይህ ስም በችሎት ሥር ሰድዷል፤ ሆኖም የምን ደረጃ? የቃሉ አካል ፍቺውን አይገልጥም፤ ከችሎት ውጭ ያለ ሰው ቢሰማው የከፍተኛ ደረጃ ምስክር ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ወንጀሉን ያላየ፣ ብርበራውን ብቻ ያየ ሰው ነው። በ2006 ዓ.ም. በተያዙት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን መዝገብ ብርበራውን የታዘቡ ሰዎች በዐቃቤ ሕግ ምስክርነት ቀርበው ነበር። እንዲህ ያለው ምስክር ሊናገር የሚችለው ወረቀቱ ከዚያ ቤት መውጣቱንና ተከሳሹ መፈረሙን ነው፤ ስለ ወረቀቱ ይዘት ግን ሊናገር አይችልም። «የብርበራ ታዛቢ» ብንለው ለዳኛውም ለአድማጩም የምስክርነቱ ወሰን ከስሙ ይታወቃል።

በመጨረሻ፣ ሕገ ወጥ በሆነ ብርበራ የተገኘ ዕቃ በማስረጃነት ይቅረብ ወይስ አይቅረብ ወደሚለው ደርሰናል። የ1954ቱ ሕግ ከመታወጁ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማፕ ጉዳይ እንዲህ ያለው ማስረጃ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶችም እንዳይቀርብ ወሰነ። የእኛ ሕግ ግን ለቁጥር 32 እና 33 መጣስ እንዲህ ያለ ውጤት አልደነገገም። በዚህ የተነሣ ጠበቆች ብዙ ጊዜ የሚጠጉት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ወዳለው «በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት አይኖረውም» ወደሚለው ቃል ነው። በር ሰብሮ መግባት ማስገደድ አይደለምን? ይላሉ።

እንደ ቋንቋ ሰው መልሳችን ጠበቆቹን ላያስደስት ይችላል። አስገደደ ሰውን እንጂ በርን አይስብም፤ በር ይሰበራል፣ ይገነጠላል እንጂ አይገደድም። ግሡ የሚፈልገው እንቢ ሊል የሚችል ተሳቢ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በሌለበት ቤት ተሰብሮ የተገኘ ዕቃ «በማስገደድ የተገኘ» ለማለት የአማርኛው አገባብ አይፈቅድም። ባለቤቱ ግን እየተደበደበ ሣጥኑን እንዲከፍት ከተደረገ የተገደደው ሰው ስለሆነ ቃሉ በምልዓት ይሠራል፤ በዚያ ጊዜ ማስረጃው የእምነት ቃል ባይሆንና ዕቃ ቢሆንም እንኳ ከድንጋጌው አይወጣም። ዐረፍተ ነገሩ «ማስረጃ» ይላል እንጂ «ቃል» አይልምና። ከዚህ ወዲያ ያለውን፣ ማለትም ያለ ማዘዣ ግን ያለ ዱላ የተገኘውን ዕቃ፣ ከ«ማስገደድ» ፍቺ ውስጥ ጐትቶ ማውጣት አይቻልም። የሚመጣው ከአንቀጽ 26 ነው፤ መብቱ በዝርዝር ሕግ መሠረት ካልሆነ አይገደብም ያለውን ዳኛ በቁም ነገር ከወሰደው፣ ከዝርዝር ሕጉ ውጭ የተያዘውን ዕቃ በምን ዐይን ያየዋል? አዲስ የወንጀል ሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ ለማዘጋጀት በተለያዩ ጊዜያት የተረቀቁትን ሰነዶች ያዩ ሰዎች ይህ ጥያቄ ምን ያህል ሲያወያይ እንደ ኖረ ያውቃሉ። አርቃቂዎች «በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ» እና «በማስገደድ የተገኘ» የሚሉትን ለያይተው ቢጽፉ፣ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ዝርያ ቢያደርጉት፣ ጠበቃም ዳኛም ከግሡ አቅም በላይ ባልጠየቁት ነበር።

የተንቀሳቃሽ ስልክ ነገር ገና አልበሰለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በፍርድ ቤት ማዘዣ ኮምፒውተርን በአካል ወይም ከርቀት መበርበርን ደንግጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በራይሊ ጉዳይ የተያዘ ሰው ስልክ ያለ ማዘዣ እንዳይበረበር ወስኗል። በሱሉልታ መንገድ ላይ ሚኒባስ ቆሞ ተሳፋሪ ሲወርድ ግን የሚሰማው «ስልክህን አምጣ፣ ልፈትሽ» ነው። ከኪስ የወጣ ስለሆነ ፍተሻ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ደግሞ ከአንድ ቤት ሣጥን የሚበልጥ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ነው። በእኛ አስተያየት ስልክን ከውጭ ማየት ፍተሻ፣ ከፍቶ ማንበብ ብርበራ ነው፤ በሚቀጥለው የስያሜ ዝርዝር ውስጥ «ብርበራ» በሚለው ቃል ሥር ቤት፣ ግቢ ውስጥ ያለ የተለየ ክፍል፣ የተቈለፈ ሣጥንና የተቈለፈ ስልክ ተከታትለው እንዲገቡ፣ በኦሮምኛው ዐምድም «ሰከተኢንሰ» ብቻውን ሳይቆም ሁልጊዜ ተከታይ ስሙን ይዞ እንዲጻፍ ሐሳብ እናቀርባለን።